ሺህ ዓለማትና ሦስት ሸክም ሣር

ሺህ ዓለማትን በአንድ ዙፋን ሥር ያስገዛሁት መሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሥራዬ የመጣ ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥር መስጠትና ፋይል ውስጥ ማስገባት ነበር። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት የሚመጣ ደብዳቤ አልነበረም። ኢንተርኔት የለም። ሚኒባስ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል፤ ደብረ ብርሃን የሄደ መመለሱን፣ የቀረ መሄዱን አያውቅም። እንዲህ ታሽጎ የተቀመጠ ሰው ወይ አረቄ ይጀምራል ወይ መንግሥት ይመሠርታል። እኔ ጨጓራዬ አረቄ ስለማይችል መንግሥት መሠረትኩ።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ በአንድ ወር ሞላሁት፤ ሁለተኛ ገዛሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ወርቃማ ፀሐይ አጠገብ ይኖራል፤ ፊቱን ያየ የለም። ከሥሩ ዘጠኝ እንደራሴዎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር በየፕላኔቱ የተሾሙ ገዢዎች፣ ከገዢዎቹ ሥር በመንኮራኩር የሚዞሩ የጦር አለቆች። ማዕረግ ሲያልቅብኝ አባቴ ያወሩት ከነበረው እየተበደርኩ የጨረቃ ፊታውራሪ፣ የከዋክብት ግራዝማች እያልኩ ሾምኩ። በየቤቱ ጣሪያ ሥር ደግሞ አንዲት የብረት ዓይን ሰቀልኩ። ዓይኗ ሁሉን ታያለች፤ ያየችውንም ሳትውል ሳታድር ለዙፋኑ ታደርሳለች። ሥልጣን ማለት ማየት ነው ብዬ አምን ነበር። ሁሉን የሚያይ ሁሉን ይገዛል፣ በቃ። ስለ ሥልጣን የማውቀው ከመዝገብ ቤት መስኮት የሚታየኝን ያህል ብቻ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

እህቴ የምትኖረው ከጓሳ ሜዳ ግርጌ ባለች መንደር ነው። ታላቄ ናት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችኝ፣ ለሰው እየፈተለች ትምህርት ቤት የላከችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን በግና ገብስ ይዛ ትኖራለች። አንድ ዓርብ፣ በልግ እየዘነበ፣ መኪና ስላጣሁ በእግሬ ሄድኩ። ጭቃዬን አራግፌ ስገባ አዲስ ሣር ሸተተኝ። ቀና ስል ከአልጋዋ በላይ ያለው ክዳን በትኩስ ሣር ተደርቧል። ከአልጋው ሥር ደግሞ አንድ ሙሉ ሸክም፣ የበግ ጠጉር የሞላበት ጆንያ አጠገብ ተጋድሟል።

‹‹እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው?›› አልኳት።

‹‹ሣር ነዋ። ከተማ ገባህና ሣር ረሳህ እንዴ?››

‹‹ጓሳ ተዘግቷል እኮ!››

‹‹ሰማዩ ግን አልተዘጋም›› አለችኝ።

ይኼን ለማያውቅ ልንገር። የጓሳ ሜዳ የጋራ ነው። ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድ የተቆረጠ ቀን ይከፈትና ጭስ ያለው ሁሉ፣ ማለት ጎጆ የወጣ ሁሉ፣ ድርሻውን አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው የሰረቀው ከአንድ ጎረቤት ሳይሆን ከሁሉም ነው። ባለፉት ዘመናት የተሰረቀ ሣር የተከደነበት ቤት በእሳት ይጋይ ነበር ይላሉ። አሁን እሳቱ ቀርቷል፤ ሕጉ አልቀረም። ያ ዓመት ደግሞ ሜዳው ከተዘጋ ገና ሁለተኛው ነበር፤ የእህቴ ጣሪያ ግን ሌላ ሁለት ዓመት የመቆየት አቅም አልነበረውም። ዝናቡ በፈተለችው ጠጉር ላይ፣ በአልጋዋ ላይ፣ በዱቄቷ ላይ ያንጠባጥብ ነበር።

ልቆጣት ጀምሬ ተውኩት፤ አተራረኳ አሳቀኝ። በጉም ተከልላ ሦስት ጊዜ ወጥታ አጭዳለች። ሣሩን ጆንያ ውስጥ እየጠቀጠቀች ከላይ ከላዩ የበግ ጠጉር ትነሰንስበታለች። በሦስተኛው ቀን ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ መንገድ ላይ አገኛት።

‹‹ጆንያው ከጀርባዬ ሲንሸራተት አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አይዞሽ እናቴ› ብሎ ራሱ አሸከመኝ!›› ብላ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ‹‹ደሞ እኮ ‹ጠጉሩ ምን ይከብዳል› አለኝ፤ ‹ረጥቦ ነው ልጄ› አልኩት።››

እንዲህ ስትስቅ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አይቻት አላውቅም። በማግስቱ ቅዳሜ ፀሐይ ወጥታ ነበርና በሩ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ። እሷ አጠገቤ ትፈትላለች። ከሁለት ወር ጀምሮ ግዛቴ ደርቆብኝ ነበር፤ ንጉሡ ያዛል፣ ሹማምንቱ ይታዘዛሉ፣ ምንም አይሆንም። ያን ቀን ግን ብዕሩ እጄን ቀደመው። በስድስተኛው ዓለም ላይ አንዲት ባል የሞተባት ሴት አስቀመጥኩ። የንጉሠ ነገሥቱን ክልል ሣር አሰረቅኳት፤ ጠጉሩን፣ ጆንያውን፣ ያሸከማትን ዘብ ሳይቀር አስገባሁ።

‹‹ምን ትጽፋለህ ወንድምዓለም?›› አለችኝ። ማንበብ አትችልም።

‹‹ስለ ሩቅ አገር ነው›› አልኳት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ በሬው እኔ ነበርኩ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰው ጸበል ጸዲቅ ቀምሶ ወደ ቤቱ ሊበተን ሲል፣ አንድ ሽማግሌ የቅጥሩ በር መሐል ድንጋይ አስቀምጠው ተቀመጡበት። ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ ባና ደርበዋል፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሌላ ምንም አልሆነም። ዘብ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ በሩም ክፍት ነው። ግን በእሳቸው አጠገብ አልፎ የሚወጣ ጠፋ።

‹‹በተዘጋው ጓሳ ማጭድ ገብቷል›› አሉ። ‹‹ጠባቂዎቹ ሦስት ቦታ ታጭዶ አግኝተዋል። ማን እንደሆነ እስኪታወቅ አውጫጭኝ ነው።››

አውጫጭኝን ከአባቴ አፍ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ዘመን በዓይኔ አያለሁ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪገኝ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ከብቱን ለማብላት ሲመሽ ይለቀቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል። አጥፊውን የሚያውቅ ሰው በስውር ለሽማግሌ ይነግራል። የነገረው ሰው ወፍ ይባላል፤ ማንነቱ አይወጣም፤ ሽማግሌው ‹‹ወፍ ነገረችኝ›› ይላሉ እንጂ ከዚያ ወዲያ አይጠየቁም። ወፍ ካልመጣች እንግዳም ሳይቀር እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይዞ ይምላል።

‹‹ነገ ቀትር ላይ መሐላ ይጀመራል›› አሉ ሽማግሌው። ‹‹ከዚያ በፊት ራሱን ያወጣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ይላል፤ ይማራል፤ ድርሻውም አይነካም። ወፍ ያወጣችው ግን ሣሩ ይወርዳል፤ በሚመጣው መክፈቻም ድርሻ የለውም። ሞባይላችሁን እዚህ ጣሉ።›› አንድ ትልቅ እንቅብ ዞረ። ኔትወርክ ከጠፋ ወር ቢሞላውም ሁሉም አውጥቶ ጣለ። እኔም ጣልኩ።

ቅጥሩን ዞር ብዬ አየሁት። ደረት የማይደርስ የድንጋይ ካብ ነው፤ ፍየል ይዘለዋል። ከካቡ ማዶ የገብስ ማሳው ይታያል፤ ዘሩ በጊዜው ካልገባ በልጉ ያልፋል። ሰው ሁሉ ማሳውን ያያል፣ ከዚያ እርስ በርሱ ይተያያል። ጡት የምታጠባ ሴት ልጇን ቤት ትታ ስለመጣች ታለቅሳለች። አንዱ ‹‹ማነው በለኝ ይኼን ያመጣብን!›› እያለ መሬት ይደበድባል። የእህቴን ፊት ላለማየት የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አያለሁ። እኔ አንድ ቃል ብናገር ይኼ ሁሉ ሰው ወደ እርሻው ይሄዳል። ባልናገር ነገ ደጁን ይዤ በሐሰት እምላለሁ። እሷም ሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች፤ ጭስ ያላት ናትና እንደማንኛውም አባወራ ትምላለች።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ እኔን ጸሐፊ አድርገው መምረጣቸው ነው።

‹‹አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ የተገኘውን ጭስ ሁሉ መዝግብ›› አሉኝ ሽማግሌው። ወረቀት አልነበረም። ከቦርሳዬ ደብተሩን አውጥቼ ከኋላው ገልብጬ ስም መጻፍ ጀመርኩ። ሽማግሌው ዓይናቸው አይደክምም፤ ‹‹ከፊት በኩል የተጻፈው ምንድን ነው?›› አሉ።

‹‹ተረት ነገር ነው አባቴ። ስለ አንድ ግዛት።››

‹‹የማን ግዛት?››

‹‹የማንም ያልሆነ። በሰማይ ላይ ያለ፣ ወደ ፊት የሚመጣ።››

‹‹ወደ ፊት የሚመጣውን ካወቅህማ አንብብልን እንጂ! ቀኑ መች መሸ›› አሉ። ሰው ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የተሰማው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር።

አነበብኩ። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሦስት ገጽ በኋላ ተረጋጋ። ሰው ወደ እኔ ተጠጋ። ባለቅኔ በማይጠፋበት አገር እኔ ከመዝገብ ቤት የመጣሁት አንባቢ ሆንኩ።

‹‹ቆይ ቆይ!›› አሉ አንድ የአባቴ እኩያ። ‹‹ፊታውራሪ ጨረቃ ላይ ምን ይሠራል? ፊታውራሪ ማለት ከንጉሥ ፊት የሚዘምት ነው። ንጉሡ ፀሐይ አጠገብ ተቀምጦ እሱ ጨረቃ ላይ ካደረ ደጀን ሆነ እንጂ ምኑን ፊታውራሪ ሆነ?››

‹‹ልክ ነው›› ተባለ ከየአቅጣጫው። ኅዳግ ላይ ‹‹ፊታውራሪው ይዛወር›› ብዬ ጻፍኩ።

‹‹ንጉሡ የነፍስ አባት አለው?›› አሉ ቅዳሴውን የመሩት ድምፀ መልካሙ ቄስ።

‹‹የለውም አባ።››

‹‹ታዲያ ማን ይገሥጸዋል? ያልተገሠጸ ንጉሥ ይዋል ይደር እንጂ ይወድቃል።››

የብረት ዓይኖቹ ጋ ስደርስ ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ‹‹ይኼን ሁሉ ዓይን ለምን አስፈለገው?››

‹‹ሕዝቡን እንዲያይበት ነዋ።››

‹‹ደካማ መንግሥት ነው›› አሉ። ‹‹ጎረቤት እያለ ለዓይን ብረት የሚያባክን።››

ያን ጊዜ አብሬ ሳቅኩ። ሺህ ዓለም፣ ዘጠኝ እንደራሴ፣ ስንት መርከብ ወታደር ሰብስቤ ያላቆምኩትን ሥርዓት እሳቸው በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አቁመውታል። ኃይላቸው ሌላ አልነበረም፤ እያንዳንዳችን ሌላውን እናያለን፣ እያንዳንዳችን በሌላው ዓይን እንታያለን፤ በሩን የዘጋነው እኛው ነን። ይኼ ገብቶኝ ደስ አለኝ፤ ደራሲ ሆኜ ተደሰትኩ፤ የታሰርኩት እኔም መሆኔን ረሳሁት።

አንዲት ሴት ከወዲያ ‹‹እዚያ ሁሉ ዓለም ላይ ሴት የለችም እንዴ?›› አለች።

‹‹ትመጣለች›› አልኩ፣ ኩራት ነፍቶኝ። ‹‹አንዲት አለች። ትወዷታላችሁ።››

ሲመሽ ለቀቁን። እቤት ስንገባ እህቴ እሳት አያይዛ በሶ በጠበጠችልኝ።

‹‹አንተ አትምልም›› አለችኝ ጠጥቼ ዋንጫውን ስመልስላት።

‹‹ታዲያ ምን ላድርግ?››

‹‹ምንም። ነገ እኔው እናገራለሁ። የነፍስ አባቴ ለተዝካር ሞላሌ ወርደዋል፤ ጠዋት ይመለሳሉ። እሳቸው ባሉበት ብናገር ድንጋዩ ይቀለኛል። ቀትር ሳይሞላ እነሣለሁ።›› ከዚያ ጣሪያዋን ቀና ብላ አየች። ‹‹ድርሻዬን አልነጠቅም። ሣሩን መልሼ፣ ይቅርታ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ፍሳሹን በጣሳ እየቀዳሁ እኖራለሁ። ሜዳው ሲከፈት እንደ ሰው አጭዳለሁ።››

እጇን ሳምኩት። እንዴት እንደቀለለኝ መናገር አልችልም፤ መማል ቀረልኝ፣ መናገርም ቀረልኝ። ድካሙን ሁሉ እሷ ተሸክማልኝ እኔ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳንቀመጥ ‹‹ሴትዮዋስ?›› አሉኝ። ‹‹ቃል ገብተሃል፤ አምጣት!›› ደብተሩን ገልጬ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ገና ብዙ ገጽ ነበር፤ እዚያ እስክንደርስ ቀትር ይሆናል፣ እሷም ትነሣለች፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ በልቤ ለካሁት። መንገዱን ደጋግሜ አየሁ፤ ከሞላሌ የሚመጣ በቅሎ የለም። ጉሙ ወርዶ ቅጥሩን ሸፈነው፣ ብርዱ ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ያስለኝ ጀመር።

‹‹አምጣው ልጄ፣ እኔ ላግዝህ›› አሉ ድምፀ መልካሙ ቄስ። ሰጠኋቸው።

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ቄሱ ላግዝህ ሲሉኝ በእጄ ላይ የነበረው ደብተር እንጂ እህቴ ትዝ አላለችኝም። የጻፍኩት ነገር በእንዲያ ያለ ድምፅ ሲነበብ ልስማው ብዬ ነው የሰጠሁት። እሳቸው ደግሞ ስንክሳር ማንበብ የለመዱ ናቸው፤ እኔ ስደናቀፍበት የነበረውን ገጽ እንደ ውኃ ያወርዱት ጀመር። እኔ በአንድ ሰዓት የማነበውን በሩብ ሰዓት ጨረሱት። ልቤ የደነገጠው ‹‹በስድስተኛው ዓለም›› ሲሉ ነው።

‹‹በስድስተኛው ዓለም፣ ጉም በማይለያት አምባ ላይ፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ጣሪያዋ ያፈሳል። ከቤቷ በላይ ያለው ሣር የንጉሠ ነገሥቱ ነውና ተዘግቶ ነበር።››

ተነሥቼ ልቀማቸው አሰብኩ። ብቀማ ሁሉም ያውቃል። ብተወው ምናልባት ተረት ነው ብለው ያልፉታል። አልቀማሁም።

‹‹ሴቲቱም በጉም ተከልላ አጨደች። በጆንያ ጠቅጥቃ ከላዩ የበግ ጠጉር ነሰነሰችበት። በመንገድ የንጉሡ ዘብ አገኛት፤ ጆንያውም ከጀርባዋ ሲንሸራተት አይቶ ‹አይዞሽ እናቴ› ብሎ ራሱ አሸከማት።››

‹‹ውይ!›› አለ ከኋላ የተቀመጠው የጓሳ ጠባቂ። አንዲት ቃል ናት። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቄሱ ማንበባቸውን አቆሙ። አንድም ሰው ወደ እህቴ አልዞረም። ማወቃቸውን ያወቅኩት በዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሽማግሌው ከዘራቸውን አገላብጠው ‹‹ወፍ መጥታለች›› አሉ።

እህቴ ተነሣች። ነጠላዋን አደግድጋ ‹‹እኔ ነኝ›› አለች።

‹‹ዘገየሽ ልጄ።››

‹‹ቀትር አልሞላም እኮ አባቴ። የነፍስ አባቴን እየጠበቅሁ ነበር። ልናገር ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ›› ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

‹‹ቀትር አልሞላም›› አሉ ሽማግሌው፣ በሐዘን። ‹‹ነገር ግን ወፏ ቀደመችሽ። ለአንቺ ብዬ ሕጉን ብሰብረው ነገ ማን ይሰማኛል? እኔም እኮ ከዚህ ድንጋይ መነሣት አልችልም።››

‹‹ወፍ የለም!›› ብዬ ጮህኩ። ‹‹ተረት ነው! ለእናንተ ብዬ የጻፍኩት አይደለም!››

ሽማግሌው በርኅራኄ አዩኝ። ‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ገብቶናል ልጄ። የእናት ልጅህን ስም መጥራት ከብዶህ ነው። ደግ አድርገሃል፤ ማንንም አላዋረድክም።››

ምን እላለሁ? አስቤ አይደለም ብል ማወቄን ማመን ነው። አላውቅም ነበር ብል ደብተሩ ይመሰክራል። አስቤ ነው ብል እህቴን ሸጫለሁ። ፈቅጄ ነው ብልም፣ ሳልፈቅድ ነው ብልም እዚያው ያደርሰኛል። ሰው እየተነሣ ሞባይሉን ከእንቅቡ እየወሰደ ወደ እርሻው ተጣደፈ። በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ‹‹እግዜር ይስጥህ›› አሉኝ። ከልባቸው ነው። ቀን አድኜላቸዋለሁ፣ በልግ አድኜላቸዋለሁ፤ ጡት የምታጠባዋ ሴት እጄን ልትስም ነበር።

ደብተሩን አልመለሱልኝም። ከኋላው የጭሱ ስም ዝርዝር ስላለበት ቃለ ጉባኤ ሆነ፤ እስካሁን የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም፣ የተዛወረው ፊታውራሪም እዚያው አሉ።

በማግስቱ አራት ሰዎች ክዳኑን ሊያወርዱ መጡ። ሁሉም ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሚዜዋ የነበረ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ‹‹እንዴት አደርሽ›› አሉ፤ እሷም ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ብላ ጠላ ቀዳችላቸው። እየጠጡ፣ እያመሰገኑ፣ ሣሩን አንድ በአንድ አውርደው፣ አሮጌውን ክዳን እንዳይጎዱ ተጠንቅቀው፣ ሦስቱንም ሸክም ይዘው ሄዱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኔም የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

የነፍስ አባቷ የደረሱት ያን ቀን ነው፤ የሞላሌው ተዝካር ረዝሞባቸው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ አይተው ተቀመጡ።

‹‹እታለም›› አልኳት ብቻችንን ስንሆን፣ ‹‹አስቤ አይደለም። እመቤቴን፣ አስቤ አይደለም።››

‹‹አውቃለሁ›› አለችኝ። ድስቱን ከሚንጠባጠበው ሥር እያስጠጋች ነበር። ‹‹አስበህ ቢሆን ይሻል ነበር። ቢያንስ አስበኸኝ ነበር እላለሁ።››

ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ገዝቼ በአህያ አስጫንኩ። አልተቀየመችኝም፤ መረቀችኝ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ቤቷ ማፍሰስ አቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜዳው የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ግን መንደሩ ሁሉ ማጭዱን ስሎ፣ በዘፈን ወጣ፤ እሷ ብቻ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ሸክሙ ሲያልፍ ስታይ ዋለች። ያን ቀን አብሬያት ለመዋል ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አለቃዬ ፈቀደልኝ፣ እህቴ ግን ‹‹ሥራህን አትፍታ›› ብላ ላከችብኝ።

አሁንም መንገድ በተከፈተ ቁጥር እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ ከቤቷ በላይ ካለው አቀበት ላይ ሆኜ ሳቋን ሰማሁ፤ ያ ጉልበቷን እየመታች የምትስቀው ሳቅ ነው። ደስ ብሎኝ ቸኮልኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ጎረቤቷ ሴት አጠገቧ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ሁለቱም ከሳቅ ብዛት ደክመዋል። ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። ጎረቤቷ ነጠላዋን አንሥታ ‹‹እንግዲህ ልሂድ፣ በጎቹ መጡ›› አለች፤ ገና ስምንት ሰዓት ነበር። እህቴ ተነሥታ በርጩማውን በቀሚሷ ጠረገችልኝ።

‹‹ምን አሳቃችሁ እታለም?›› አልኳት። ‹‹ንገሪኝና ልሳቅ።››

‹‹ኧረ ምንም፣ እንዲያው የሴት ወሬ ነው›› አለች። ‹‹ቁጭ በል ወንድምዓለም። ሥራ እንዴት ነው?››